የሕዝብ ቻርጀር በአዲስ አበባ፦ ብሩ አይከብድም፣ የሚከብደው ሰዓቱ ነው

ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይይዛል። ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 36 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መግባት አለበት። የጣቢያዎች ታሪፍ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ይቀያየራልም፤ ለስሌት እንዲመች ግን በኪሎዋት ሰዓት 10 ብር እንያዝ። 360 ብር ገደማ መሆኑ ነው። በዚያ መኪናው አዲስ አበባ ውስጥ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ቤንዚን በሊትር 100 ብርን ካለፈ ቆይቷል፤ በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ መኪና ያንኑ 200 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 16 ሊትር፣ በትንሹ 1,600 ብር ይፈልጋል። የቻርጀሩ ታሪፍ እጥፍ ቢሆን እንኳ ኤሌክትሪኩ ገና ከቤንዚኑ ግማሽ በታች ነው።

ምዘናው በብር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ሰው የሚማረረው ግን በብሩ አይደለም። የሚያማርረው ተራው፣ ያልገጠመው መሰኪያ፣ መሃል ላይ የጠፋው መብራትና በ120 ኪሎዋት ፍጥነት ይሞላል ተብሎ 35 የሚሰጠው ማሽን ነው። እነዚህን አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ከግማሽ በላዩ አስቀድሞ በማወቅ የሚቀር ችግር ነው።

መነሻው ይታወቃል። መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ የሚገባው የቤት መኪና አብዛኛው ኤሌክትሪክ ሆነ። መኪናው ከቻርጀሩ ቀድሞ ገባ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በቦሌ–መገናኛ መንገድ ላይ ፈጣን ጣቢያ ሲከፍት ለከተማዋ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ሌሎችም በየሰፈሩ እየከፈቱ ነው። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ ሰው ብዛቱ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው ወይም በጋራ ግቢ። የራሱ ቆጣሪ ከመኪና ማቆሚያው ጋር የተገናኘ ሰው ጥቂት ነው። የቀረው ሁሉ ወደ ጣቢያ ይሄዳል።

የተራውን ሒሳብ እንሥራ። ሁለት መሰኪያ ያለው ጣቢያ ደርሰህ ሁለቱም ገና አሁን ተይዘው ከፊትህ ሌሎች ሁለት ቆመዋል እንበል። ለአንድ መኪና 35 ደቂቃ ቻርጅ፣ 10 ደቂቃ ደግሞ መንቀል፣ መክፈልና ቦታ መልቀቅ ይያዝ። ተራህ የሚደርሰው ከ90 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ያንተ 35 ደቂቃ ሲጨመር ከሁለት ሰዓት በላይ ይሆናል። በሰዓት 300 ብር የሚያገኝ የራይድ ሹፌር በጥበቃው ብቻ 450 ብር ያጣል ማለት ነው። ከኤሌክትሪኩ ዋጋ ይበልጣል። የሕዝብ ቻርጀር እውነተኛ ዋጋው ይሄ ነው፤ በቴሌብር ደረሰኝ ላይ ግን አይታይም።

ተራውን የሚያረዝመው ዋናው ነገር 80 በመቶን አልፎ መቆየት ነው። ባትሪ ሲጠግብ የሚቀበለው ኃይል ይቀንሳል፤ ቮልቴጁ ጣሪያው ላይ ስለሚደርስ መኪናው ራሱ ማሽኑን «ቀንስ» ይለዋል። ከ30 ወደ 80 በግማሽ ሰዓት የሄደ መኪና ከ80 ወደ 100 ለመሄድ ያንኑ ያህል ወይም የበለጠ ሊፈጅ ይችላል። ሰው እየጠበቀ ሳለ 94፣ 95፣ 96 እያለ መቀመጥ ለራስም ለሌላውም አያዋጣም። አንድ የሚያምታታ ነገር አለ፦ የቢዋይዲ ብሌድ ባትሪ ኤልኤፍፒ የሚባለው ዓይነት በመሆኑ አንዳንዴ እስከ 100 ማድረስ ያስፈልገዋል፤ ካልሆነ ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ፐርሰንት ከእውነቱ እየራቀ ይሄዳል። ልክ ነው፤ ግን ይህ በሳምንት አንዴ በዝግታ፣ ቤት ወይም ኤሲ በሚባለው ዝግተኛ ቻርጀር የሚደረግ ነው። ቮልስዋገን አይዲ 4ና መሰሎቹ የያዙት ኤንኤምሲ የሚባለው ሌላ ዓይነት ባትሪ ደግሞ ለዕለት ተዕለት 80 ላይ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል። በሁለቱም መንገድ ፈጣን ጣቢያ ላይ 100 መጠበቅ ምክንያት የለውም።

ሁለተኛው ነገር ማሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩ የማሽኑ ጣሪያ እንጂ ያንተ መኪና የሚወስደው አይደለም። ቢዋይዲ ሲገል እንደ ባትሪው መጠን ከ30 እስከ 40 ኪሎዋት ነው የሚቀበለው፤ ዶልፊን 60 ገደማ፤ ዩዋን ፕላስ 80 ገደማ። ሲገልን 180 ኪሎዋት ማሽን ላይ መሰካት ሲገልን አያፋጥነውም፤ ከኋላ ያለውን አይዲ 4 ግን ያስቆመዋል። ጣቢያው የተለያየ መጠን ያላቸው ማሽኖች ካሉት ትንሽ መኪና ትንሹን ይያዝ። ሁሉም ይህን ቢያደርግ ሰልፉ ራሱ ያጥራል።

ቁጥሩን የሚቀንስ ሌላም አለ። ብዙዎቹ ማሽኖች አንድ ሳጥን ሁለት መሰኪያ ናቸው፤ 120 ኪሎዋቱ የሳጥኑ ነው። ብቻህን ስትሆን 80 ይሰጥህ የነበረው፣ ጎንህ ሌላ ሲሰካ 60 ላይ ይወርዳል። ባዶ ሳጥን ካለ ወደዚያ መሄድ ይሻላል። የኬብሉ አምፔርም ጣሪያ አለው፦ 250 አምፔር የሚችል ኬብል 350 ቮልት ለሆነ ባትሪ ከ88 ኪሎዋት በላይ ሊሰጥ አይችልም፣ ሳጥኑ 180 ቢልም። ከፍታውም ይነካል። የብዙ ቻርጀሮች መግለጫ የሚናገረው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላለው ሥራ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት። ቀጭን አየር ማሽኑን በደንብ አያቀዘቅዝም፣ አየሩ ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙም ያንሳል፤ ስለዚህ ቀትር ላይ ፋኑ እየጮኸ ኃይሉን የሚቀንስ ማሽን ሁልጊዜ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ጣቢያ ለመክፈት ማሽን የሚያስመጣ ሰው ይህን ከሻጩ ጋር በጽሑፍ መነጋገር አለበት።

የጠዋት ብርድም አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ውጭ ያደረ ኤልኤፍፒ ባትሪ ንጋት ላይ በዝግታ ነው የሚቀበለው። ያው መኪና አንድ ሰዓት ያህል ከተነዳ በኋላ ሲሰካ በጣም ይሻላል። ጣቢያ መሄድ ከሆነ ከሥራ ሲወጡ እንጂ ከአልጋ ሲነሱ አይሁን።

አሁን ወደ መሰኪያው። አገራችን የገባው መኪና አብዛኛው ለቻይና ገበያ የተሠራ ስለሆነ ጂቢቲ የሚባለው መሰኪያ ነው ያለው። ጂቢቲ ሁለት ቀዳዳ ነው፦ ባለ 7 ፒኑ ለኤሲ፣ ባለ 9 ፒኑ ለፈጣኑ ዲሲ፤ ሁለቱ ለየብቻቸው ናቸው። ከአውሮፓ ወይም ከሌላ ገበያ የመጣ መኪና ደግሞ ሲሲኤስ 2 ይኖረዋል፤ የላይኛው ክብ ለኤሲ ሆኖ ከሥሩ ሁለት ወፋፍራም የዲሲ ፒኖች አሉት። ስሙ አንድ የሆነ መኪና ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ በቻይና የተገዛው አይዲ 4 ጂቢቲ ነው፣ ጀርመን የተሠራው ሲሲኤስ 2። መኪና ከመግዛት በፊት ክዳኑን ከፍቶ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሳያዩ የገዙ ግን ከጣቢያ ጣቢያ ሲዞሩ ይውላሉ።

አዳፕተር መፍትሔ ነው፣ ግን በጥንቃቄ። ከሲሲኤስ 2 ወደ ጂቢቲ የሚቀይረው አዳፕተር ውስጡ የሁለቱን ቋንቋ የሚተረጉም ሰሌዳ አለው። በጂቢቲ አሠራር የመኪናውን ተቆጣጣሪ ለመቀስቀስ 12 ቮልት የሚልከው ማሽኑ ነው፤ የሲሲኤስ ማሽን ግን ይህን አይልክም። ስለዚህ ብዙው አዳፕተር የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው፤ እሷ ባዶ ከሆነች አዳፕተሩ ደንዝዞ ይቀራል፣ ሰውም «ጣቢያው አይሠራም» ብሎ ይሄዳል። እንደ ስልክ በዩኤስቢ አስቀድሞ መሙላት ነው። የሚገዛው ቢያንስ 200 አምፔር የሚችል ይሁን፤ ከተጀመረ ከ10 ደቂቃ በኋላ በእጅ ሲነካ ለብ ማለቱ ደህና ነው፣ እጅ የማያስነካ ከሆነ ግን ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል። አዳፕተር በአዳፕተር ላይ መደረብ ፈጽሞ አይሞከርም።

መሰኪያው ተቆልፎ አልነቀል ማለቱ በተለይ መብራት ሲጠፋ ይመጣል። እዚህ ላይ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ መኪናን ከመስበር ያድናል። የጂቢቲ ዲሲ መቆለፊያ ያለው መሰኪያው ላይ፣ በጣቢያው በኩል ነው፤ የመኪናውን ቁልፍ መቶ ጊዜ ቢጫኑት አይከፈትም። በማሽኑ በኩል ማስቆም፣ ካልሆነ ሠራተኛውን መጥራት ነው፤ ብዙዎቹ መሰኪያዎች እጀታቸው ላይ በትንሽ ጎማ የተሸፈነ የአደጋ ጊዜ መክፈቻ አላቸው፣ እሱን የሚነካው ግን ሠራተኛው ይሁን። የሲሲኤስ 2 መቆለፊያ ደግሞ ያለው መኪናው ውስጥ ነው፤ መኪናውን በቁልፉ መልሶ መክፈት አብዛኛውን ጊዜ ይለቀዋል፣ እምቢ ካለም በመሰኪያው አካባቢ፣ ከኮፈኑ ወይም ከሻንጣው በኩል የሚጎተት ገመድ አለ። ኃይል እየፈሰሰ ሳለ በጉልበት መጎተት ግን የዲሲ ቅስት እሳት ይፈጥራል፤ እጅም ፒንም ያቃጥላል።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ማርሹን ፒ ላይ አድርጎ መኪናውን ማጥፋት፤ መሰኪያውን «ቀጭ» እስኪል መግፋት፤ ኮዱን በስልክ ማንበብና መክፈል፤ ከዚያ ሩብ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ መጠበቅ። ማሽኑና መኪናው የሚነጋገሩት፣ የኤሌክትሪክ መከላከያውም የሚፈተሸው በዚህ ጊዜ ነው። ችኩል ሰው እዚህ ላይ ይነቅለዋል። ካልጀመረ ነቅሎ፣ መኪናውን ቆልፎ ሁለት ደቂቃ እንዲተኛ ትቶ፣ ኬብሉን ከሥሩ በእጅ ደግፎ መልሶ መሰካት፤ የኬብሉ ክብደት መሰኪያውን ወደ ታች ስለሚጎትተው ፒኖቹ በደንብ አይነካኩም። እንደገና እምቢ ካለ የማሽኑን ቀይ የአደጋ ማቆሚያ ማየት ነው። አንድ ጊዜ የተጫነ ቀይ ቁልፍ ተጠምዝዞ እስካልተመለሰ ማሽኑ አይነሳም፤ «ተበላሽቷል» የተባለ ማሽን አንዳንዴ ከዚህ የበለጠ ችግር የለውም። በክረምት ደግሞ «ኢንሱሌሽን» (የኤሌክትሪክ መከላከያ) የሚል ስሕተት ከታየ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እርጥበት ነው፦ መሰኪያው ከመስቀያው ወርዶ ጭቃ ላይ ያድራል። ሳይሰኩ በፊት በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ሲጨርሱም መልሶ መስቀል። የመኪናው ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ከደከመችም ትልቁ ባትሪ አይከፈትም፣ ቻርጅም አይጀምርም፤ ሰው ጣቢያውን ይወቅሳል እንጂ እሷን አያስታውሳትም።

መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ብዙ ጊዜ ቻርጁ በራሱ አይቀጥልም፤ መብራቱ ሲመለስ እንደገና ማስጀመር ያስፈልጋል። ስለዚህ መኪናውን ሰክቶ ርቆ መሄድ አያስተማምንም። ቅድሚያ በሚከፈልበት ጣቢያ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ማስገባት፣ ሲጀመርና ሲያልቅ የማሽኑን ስክሪን ፎቶ ማንሳት፣ ለተመላሽ ጥያቄ ማስረጃ ነው።

ደረሰኙንም ማመሳከር ይቻላል። የተጨመረውን ፐርሰንት በባትሪው መጠን ማባዛት ነው። በዩዋን ፕላስ ከ20 ወደ 80 ማለት 36.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ማሽኑ 38 ወይም 39 ቢል ልክ ነው፣ በሙቀትና በማቀዝቀዣው የሚባክን አለ። ቆጣሪው ያለው ኃይሉ ከኤሲ ወደ ዲሲ ከመቀየሩ በፊት ከሆነ ደግሞ ጥቂት በመቶ ይጨምራል። 45 ካለ ግን መጠየቅ መብት ነው። ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት የሚቆጠር ጣቢያ ለሁሉም መኪና እኩል ነው፤ በደቂቃ የሚያስከፍል ካጋጠመ ሲገልን የመሰለ ቀስ ብሎ የሚቀበል መኪና እጅግ ይጎዳል፣ ባይገቡበት ይሻላል።

ቤት ውስጥ መሙላት የሚችል ሰው ይህን ሁሉ አያይም። በ220 ቮልት 16 አምፔር 3.5 ኪሎዋት ይገባል፤ ያ 36 ኪሎዋት ሰዓት የሚባክነው ሲጨመር 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፣ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በቀን 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የሚያስፈልገው 8 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መሰካት ይመረጣል፤ በምሽቱ 12 እና 3 ሰዓት መካከል ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ 180 ላይ ሲደርስ 3.5 የነበረው 2.9 ኪሎዋት ይሆናል። የቤት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ስለተወሰነ፣ መኪናም ፍጆታውን ወደ ላይኛው እርከን ስለሚገፋው፣ ከጣቢያ ጋር ሲያወዳድሩ የመጨረሻውን ወር ሒሳብ መያዝ እንጂ የዓምናውን አይደለም።

ለ16 አምፔር ለብቻው የተዘረጋ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ ለ32 አምፔር 6 ስኩዌር፣ የራሱ ብሬከርና እውነተኛ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መከላከያ ሽቦ) ያስፈልጋል። ቻርጀሩ ኧርዝ የለም ብሎ እምቢ ሲል ኑልን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ) ከኧርዝ አገናኝቶ የሚያታልል ኤሌክትሪሺያን አለ፤ ኑሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ነው ይህ የሚደረገው። ከአራተኛ ፎቅ ገመድ አውርዶ መሙላትም እንዲሁ ነው፦ 40 ሜትር የሆነ 1.5 ስኩዌር ገመድ በ16 አምፔር 15 ቮልት ገደማ ይበላል፣ 240 ዋት ወደ ሙቀትነት ይቀየራል። ተጠቅልሎ ከቀረ ይቀልጣል። ግድ ከሆነ ወፍራም ገመድ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ፣ ቻርጀሩም ወደ 8 አምፔር ወርዶ ነው።

ከከተማ ሲወጣ ሒሳቡ ይለወጣል፤ ምክንያቱም አማራጭ ጣቢያ ይሳሳል። ወደ አዳማ መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ዳሽቦርዱ ያማልላል። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያንን ሲመለስ ለመውጣት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ይፈልጋል፣ በፈጣኑ መንገድ 120 ሲነዳ የሚባክነው ሳይቆጠር። ስለዚህ ወደ አዳማ ስንት እንደፈጀ አይቶ ለመልሱ ያንኑ መገመት ስሕተት ነው። ወደ ጎጃም ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ፦ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ 1,400 ሜትር ገደማ መውረድና ወደ ደጀን ተመሳሳይ መውጣት። መውጫው ብቻ ከ6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጠይቃል። ጎሐ ጽዮን ላይ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከተደረሰ ቁልቁለቱ ላይ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም፣ ፍሬኑም ብቻውን ይቀራል፤ ከ90 በመቶ በታች ሆኖ መድረስ ለባትሪውም ለፍሬኑም ይበጃል።

ስለዚህ ፍርዱ እንደ ሰው ይለያያል። ግቢው ውስጥ ሶኬት ላለው የሕዝብ ፈጣን ቻርጀር ለጉዞ ቀን ብቻ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆኖ በቀን 40 እና 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ተራ በሌለበት ቢሄድ በቂ ነው፣ ዋጋውም በጣም ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ የራይድ ሹፌር ግን፣ ቤቱ የሚሞላበት ከሌለው፣ አሁን ባለው የመሰኪያ ብዛት አገልግሎቱ ገና አይበቃም፤ መኪናውን ከመግዛቱ በፊት ሌሊት የሚሰካበትን ቦታ ያግኝ።

ከጣቢያ ባለቤቶች የሚጠበቀውም ብዙ ወጪ የሌለው ነው። ታሪፉን በር ላይ በትልቁ መጻፍ። ስንት መሰኪያ ክፍት እንደሆነ በስልክ ማሳየት፣ ሰው ከሳሪስ ተነስቶ መገናኛ ደርሶ እንዳይመለስ። ሰው በሚበዛበት ሰዓት 80 በመቶ ላይ ማቆም፣ ቻርጁ አልቆ ከ10 ደቂቃ በላይ ለቆመ መኪናም በደቂቃ ማስከፈል። ማታ ለሚመጣ ትንሽ ቅናሽ ማድረግ። ከሁሉም በፊት ግን ለእያንዳንዱ ፈረቃ ቀዩን ቁልፍ መመለስና የተቆለፈ መሰኪያ መክፈት የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ ማቆም።